ያላቀበሏቸው ኳስ

ከጓደኛዬ ጋር የተኳረፍኩት በኳስ ምክንያት ነው። እኔ ደግሞ የኳስ ሰው አይደለሁም። አገር ቤት ወንድሞቼ ስታዲየም ሲሄዱ እኔ ቤት ቁጭ ብዬ ሽንኩርት ስልጥ ነው ያደግሁት። የተጣላንባት ኳስ ጭራሽ እኔም እሷም፣ እናቶቻችንም ሳይወለዱ፣ አውሮፓ ውስጥ አንድ የመዋኛ ገንዳ ውስጥ የተወረወረች ናት። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይሉ የለ? ይኸው ስሙ።

ነገሩ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ ነው። እኔ አሜሪካ፣ ኦክላንድ እኖር ነበር። ሥራዬ ኬር ጊቨርነት ነው፤ በአማርኛ ሲተረጎም የሰው አባት መጦር ማለት ነው። ኤጀንሲው ጎረቤት ከተማ አላሜዳ የሚኖሩ፣ ዘጠና ያለፋቸው አንድ ሽማግሌ ዘንድ መደበኝ። ሶሻል ወርከሯ ስታስተዋውቀኝ “ኦሎምፒያን ነበሩ” አለችኝ። እኔም በሆዴ “ሯጭ ናቸዋ!” አልኩ። ኦሎምፒክ ሲባል ሌላ ምን አውቃለሁ? ሰውየውን አየኋቸው፤ እግራቸው አጭር፣ ደረታቸው እንደ በር የሰፋ። በዚህ እግር ምን ሮጠው ይሆን ብዬ ሳዝን ሰነበትኩ።

እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም፤ ፕሬዚዳንቱንም ድመቱንም “ዩ” ነው። እኔ ግን ዘጠና ዓመት የሞላውን ሰው “አንተ” ማለት አፌ እሺ አይለኝም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን “አባባ” አልኳቸው። ትርጉሙን ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። “ልጆቼ እንኳ በስሜ ነው የሚጠሩኝ” አሉ። ከዚያ በኋላ በሌላ ስም ስጠራቸው አይሰሙኝም።

ጧት ጧት ጺማቸውን ስላጭ ታሪካቸውን ያወሩልኛል። ምላጭ ለያዘ ሰው ታሪክ እያወሩ መነቃነቅ አደጋ ነው ብላቸውም አይሰሙም። የተወለዱት ኦክላንድ ወደቡ አጠገብ ነው። እናታቸው ወደ ውሃው እንዳይጠጉ ሲከለክሏቸው፣ እሳቸው ከጀልባ ማሰሪያው እንጨት ላይ እየዘለሉ ዋና ተማሩ። አንድ የዋና ክለብ ሰው አያቸውና ወሰዳቸው። ከዚያ ወዲህ ማን ይቻላቸው? ያኔ የዋና ልብስ የሱፍ ሹራብ ነበር አሉ። ሲርስ እንደ እርጥብ ጋቢ ይከብዳል፣ ደግሞ ያሳክካል።

ለኦሎምፒክ ተመርጠው በመርከብ ወደ አውሮፓ ሄዱ። መርከቧ ላይ ገንዳ የለም። እና ምን አደረጉ? በሸራ ትልቅ ጋን የመሰለ ነገር ሠርተው የባሕር ውሃ ሞሉበት። ዋናተኛው ወገቡን በገመድ ከእንጨት ጋር ይታሰርና እዚያው በቦታው ይዋኛል። ሲዋኝ ይውላል፣ አንድ ስንዝር አይሄድም። ይህንን ሲነግሩኝ ምላጩን አስቀምጬ ሳቅሁ። “ምን ያስቅሻል?” አሉኝ። “አባባ፣ እኛም አሜሪካ የምንዋኘው እንደዚያ ነው፤ ልዩነቱ የእኛ ገመድ አይታይም” አልኳቸው። አልገባቸውም፤ አብረውኝ ግን ሳቁ።

በዋናው አራተኛ ወጡ። ለእኛ ሰዎች ስነግራቸው “አራተኛማ ምን ይባላል፣ ሜዳሊያ የሌለው” ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ሦስት ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ የሚያጥረው ሁሉ በዓለም አራተኛ የወጣን ሰው ናቀ! ምን ታደርጉታላችሁ፣ እኛ ወርቅ ያስለመዱን ሰዎች ነን።

የአባባ ቁስል ግን ዋናው አይደለም። ከዋናው በኋላ ዋተር ፖሎ ከሚጫወቱት አንዱ ጣቱ ተሰብሮ ስለነበር አሠልጣኙ እሳቸውን አስገባቸው። ዋተር ፖሎ ማለት እጅ ኳስ ነው፣ ውሃ ውስጥ ሆኖ። እግር መሬት አይነካም። ኳሷ ቆዳ ስለነበረች ውሃ እየጠጣች ጨዋታው ሲያልቅ እንደ ድንጋይ ትከብድ ነበር አሉ። ዳኛው ዳር ቆሞ የሚያየው ከውሃ በላይ ያለውን ነው። ከውሃ በታች መቆንጠጥ፣ መራገጥ፣ የሰው ልብስ ይዞ ማስመጥ፣ ሁሉ ይቻላል። ከላይ ደግሞ ሁሉም ፈገግ ይላል። “ይሄንንስ አውቀዋለሁ፣ የእኛ ኮሚኒቲ የቦርድ ምርጫ ነው” አልኳቸው።

የመጨረሻው ግጥሚያ ላይ እኩል ለእኩል ሆነው ሊያልቅ ጥቂት ቀረው። ያን ካሸነፉ ነሐሱ የእነሱ ነው። አባባ ጎሉ ፊት ለፊት ብቻቸውን ናቸው። ክንዳቸውን ወደ ላይ አንስተዋል። ኳሷ ያለችው አብሯቸው ከልጅነት የዋኘ፣ የአንድ ክለብ ልጅ፣ ጓደኛቸው እጅ ነው። ጓደኛቸው ቀና ብሎ አያቸው። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ከዚያ ኳሷን ራሱ ወረወራት፤ ብረቱን መታ ተመለሰች። ወዲያው ሌሎቹ አገቡባቸው። በዋና አራተኛ፣ በፖሎም አራተኛ ሆነው በመርከብ ተመለሱ።

ከዚያ ሰባ ዓመት ሆነው። አባባ አላሜዳ የባሕር ኃይሉ ሰፈር ወጣት ወታደሮችን ዋና እያስተማሩ ጡረታ ወጡ። ያ ኳሷን ያላቀበላቸው ጓደኛቸው ሳንሆዜ የፕሪም እርሻ ነበረው፤ በኋላ ለኮምፒውተር ሰዎች ሸጦ ሀብታም ሆነ። በመኪና አንድ ሰዓት አይፈጅም፤ ሰባ ዓመት ግን ቃል አልተነጋገሩም። ሰውየው ለጋዜጠኛም ለክለቡ ሰዎችም “አላየሁትም ነበር” እያለ ኖረ። አባባን የሚያቃጥላቸው ይቺ ናት። “ኳሷን ይውሰዳት” ይሉኛል፣ ሳሙናው አገጫቸው ላይ እየደረቀ። “ሜዳሊያውም ይቅር። ሳልሞት አንድ ቃል ብቻ ነው የምፈልገው። አይቼህ ነበር ይበለኝ።”

እኔም ምን ዓይነት ክፉ ሰው ነው እላለሁ።

አሁን ወደ ጓደኛዬ ልምጣ። ከካርቱም ጀምሮ አብረን ነን፤ አንድ ፍራሽ ተጋርተናል፣ አንድ ነጠላ ተራ በተራ ለብሰናል። እሷ ሳንሆዜ አንድ የአረጋውያን ቤት ውስጥ ትሠራ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ኮል ታደርግልኛለች፣ የየሽማግሌዎቻችንን ጉድ እናወራለን። አንድ ቀን “አዲስ ሰውዬ መጡልኝ፣ ኦሎምፒክ ነበሩ አሉ” አለችኝ።

“ሩጫ?”

“ኧረ ዋና! ደግሞ በውሃ ውስጥ እጅ ኳስ።”

የያዝኩት ማንኪያ ወደቀ። “ስንተኛ ወጡ?” አልኳት።

“አራተኛ።”

መጀመሪያ ላይ በሳቅ ሞትን። ይህ ሁሉ ሕዝብ ባለበት አገር ሁለቱ ጠበኞች ለሁለታችን ይድረሱን? የእግዜር ሥራ ነው አልን። ግን ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። እያደር የእሷ ሰውዬ የሚሉትን ትነግረኛለች፣ እኔም የአባባን እነግራታለሁ፣ ሳናውቀው ጠበቃ ሆነን አረፍነው።

“የኔው ሰውዬ እኮ አላዩም” ትላለች። “ውሃ ዓይናቸው ውስጥ ገብቶ ነው።”

“እስቲ ይተዉና! ያን የሚያህል ክንድ እንዴት አይታይም?”

“አንቺ እዚያ ነበርሽ?”

“አንቺስ? ምስክር ሆነሽ ቀርበሽ ነው?”

“የኔ ሽማግሌ አይዋሹም!”

“የኔው ይዋሻሉ ማለትሽ ነው?”

ፈረንጅ የሚጦር ሌላ ሰው ሺፍቱን ጨርሶ ቤቱ ይገባል። እኛ ግን የጦርነውን ሁሉ ዘመድ እናደርጋለን፤ ዘመድ ካደረግነው ደግሞ ጠቡንም እንወርሳለን። ደሞዝ የሚከፈለኝ ለጺም መላጨት ነው፣ ለቂም ማንም አልቀጠረኝም።

በመጨረሻ ማኅበር ላይ ተገናኘን። ሴቶቹ ሁሉ ነገሩን ሰምተዋል። የኦክላንድ ሴቶች ከአባባ ጋር ሆኑ፣ የሳንሆዜዎቹ ከሰውየው ጋር። ኳስ በእግር ይሁን በእጅ የማያውቁ ሴቶች “ማቀበል ነበረበት”፣ “ኧረ መሞከሩ ነው የጀግና” ሲባባሉ የቀረበው ወጥ ቀዘቀዘ። ጓደኛዬ በሰው ፊት “የሷ ሰውዬ ሰባ ዓመት እንደ ሕፃን ያለቅሳሉ” አለች። እኔም ምላሴ መቼ ያርፋል? “ስስታም የሚጦር ስስታም ይሆናል” አልኩ። ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። ስልኩም ከዚያን ቀን ጀምሮ ተዘጋ።

ወር ሳይሞላ ሦስት የአገራችን ሰዎች፣ አስታራቂ ሽማግሌዎች፣ ቤቴ መጡ። መሪያቸው አገር ቤት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበሩ ናቸው። ኦክላንድ መኻል ከተማ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ቲኬት ይቆርጣሉ፤ እኛ ግን እስከ ዛሬ ዳይሬክተር ነው የምንላቸው። የእኛ ሰው አሜሪካ ሲገባ ሻንጣው ቢጠፋበትም ማዕረጉ አይጠፋበትም። ዳይሬክተሩ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ጠየቁኝ፣ ጺማቸውን እየዳሰሱ አዳመጡኝና እንዲህ አሉ፦

“ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። እናንተን ዛሬ ብናስታርቅ፣ ሰዎቹ ሳይታረቁ ነገ ተመልሳችሁ ትጣላላችሁ። መታረቅ ያለባቸው ሽማግሌዎቹ ናቸው።”

“ጋሼ፣ ፈረንጆች እኮ ናቸው!” አልኩ። “እነሱ ሽምግልና አያውቁም፣ ሎየር ነው ያላቸው።”

“ሰባ ዓመት በሎየር ተፈታ?”

ደግሞ ከጓደኛዬ ሰምተው የመጡት ነገር ነበር። የሳንሆዜው ሰውዬ ልባቸው ደክሟል፤ ሐኪሙም ተስፋ የሚሰጥ ነገር አልተናገረም። ይህን ስሰማ ክው አልኩ። ያ ሰው ሳይናገር ቢሞት አባባ ያን አንድ ቃል ከማን ይሰማሉ? ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው፤ ቂም ይዞ መሞትስ ምን ሊባል ነው?

ሦስት ሽማግሌዎች ከጓደኛዎ ጋር ሊያስታርቁዎት ነው ብዬ ለአባባ ነገርኳቸው። መጀመሪያ የሥነ ልቦና ሕክምና ነገር መሰላቸው።

“ይከፈላቸዋል?” አሉ።

“ኧረ አይከፈላቸውም!”

“ታዲያ ምን ያገኛሉ?”

“የሚያወሩት ነገር ያገኛሉ” አልኳቸው። እውነቱን ነው የነገርኳቸው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ የክለባቸውን ኮት አለበስኳቸው፤ ሰፍቷቸዋል። ወደ ሳንሆዜ ነዳሁ። ሳንታ ክላራ ከተማን አልፈን ስንታጠፍ እጄን ያዙኝ። “አላየሁህም ብሎ ይሞታል” አሉ። “ፈራሁ።” ዘጠና ዓመት ያለፈው ሰው ፈራሁ ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር። እኔም ፈራሁ።

ሦስቱ ሽማግሌዎቻችን ቀድመውን ደርሰዋል። ሦስቱም ጥቁር ሱፍ ለብሰው፣ እጃቸውን ፊት ለፊት አጣምረው በረንዳው ላይ ተሰልፈዋል። የአረጋውያን ቤት በር ላይ ሦስት ጥቁር የለበሱ ሰዎች ምን እንደሚመስሉ አስቡት! እንግዳ ተቀባይዋ ሮጣ ወጥታ “ማን ሞተ?” አለች። በምርኩዝ የሚሄዱ አንዲት አሮጊት እኔን ጠጋ ብለው “ለእኔ ከሆነ ገና ነኝ በያቸው” አሉኝ።

የእንግዳ ክፍሉ ውስጥ ጓደኛዬ ሰውየውን በተሽከርካሪ ወንበር ይዛ ቆማለች። ዓይኗን አላየሁም፣ ዓይኔን አላየችም። ሰውየው ግን! እኔ በሐሳቤ ጡንቻው የወጣ ስግብግብ ጎረምሳ ነበር የማየው። ከስተው፣ አፍንጫቸው ላይ የኦክስጅን ቱቦ አድርገው፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ጠፍተዋል። “ያ ሰውዬ” ሲል የከረመው አፌ ወዲያው “እሳቸው” አለ።

ሁለቱ ተያዩ። ሰላምታ የለም። “አርጅተሃል” አሉ አባባ። “ቀደምከኝ” አሉ እሳቸው።

ዳይሬክተሩ ተነሥተው ከአብርሃም ከሣራ የጀመረ ረዥም ምርቃት አወረዱ። እኔ አስተርጓሚ ነኝ። “እንደምን ዋላችሁ ይላሉ” አልኩ። ከዚያ ከሳሽ ይናገር ተባለ። አባባ ሁሉንም ተናገሩ፤ ክንዳቸውን እንዴት እንዳነሡም አሳዩ። ዳይሬክተሩ ምስክር አለ ወይ አሉ። ምስክሮቹ ሁሉ ሞተዋል። ተከሳሽ ይናገር ተባለ። የሳንሆዜው ሰውዬ ብርድ ልብሱን እያዩ “ሁሌ የምለውን ሰምታችኋል” ብቻ አሉ።

“እንግዲህ እኛ እንመካከር፣ ባለጉዳዮቹ ወጣ በሉልን” አሉ ዳይሬክተሩ እንደ ደንቡ። አንዱ በወንበር፣ አንዱ በምርኩዝ፣ የኦክስጅኑ ጠርሙስ፣ ብርድ ልብሱ፤ ማን ያንቀሳቅሳቸው? ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ኮሪደር ላይ ወጥተው ተመካከሩ። ክፍሉ ውስጥ አራታችን ቀረን።

ሲመለሱ ዳይሬክተሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “ሁለታችሁም አጥፍታችኋል” አሉ። ይህንንማ ሳይመጡም አውቀዋለሁ፤ በእኛ ሽምግልና ቤቱ የተቃጠለበትም ክብሪቱን የጫረውም እኩል ጥፋተኛ ናቸው። “አንደኛው ኳስ አላቀበሉም። ሁለተኛው ደግሞ ጮክ ብለው መጣራት ሲገባቸው አልተጣሩም። አላየሁም ያሉትንም አላዩም ብለን ተቀብለናል። ጊዜው ሄዷል፤ እግዚአብሔር ያለፈውን ይቅር ይበል፣ ተሳሳሙ።”

ይህን በተራዋ ጓደኛዬ ተረጎመች። ድምጿ ሲያልቅ አባባን አየኋቸው፤ ፊታቸው አመድ መሰለ። ኮታቸውን መቆለፍ ጀመሩ። በቃ፣ አለቀ አልኩ በሆዴ። ሽምግልናው ያችን አንድ ቃል ቀበራት። እሪ በይ እሪ በይ አለኝ።

የሳንሆዜው ሰውዬ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ ውስጥ አወጡ።

“አይደለም” አሉ። “አይቼው ነበር።”

ዳይሬክተሩ እንግሊዝኛው ገብቷቸዋል። “ምነው አባቴ፣ ጨርሰነው ነበር እኮ!” አሉ በአማርኛ።

ሰውየው እሳቸውን አልሰሟቸውም። የሚያዩት አባባን ነው። “ጥርት አድርጌ ነው ያየሁህ። ከኔ እጅ እስካንተ እጅ ማንም አልነበረም። እኔ ላግባት ብዬ ነው።”

አባባ የሚፎክሩ መስሎኝ ነበር። ሰባ ዓመት የጠበቋት ቃል እኮ ናት! እኔማ እልል ልል አፌን ከፍቼአለሁ። እሳቸው ግን የኮታቸውን ቁልፍ ይዘው ቀሩ። ቀስ ብለው ተናገሩ፦

“ክንዴ ዝሎ ነበር። እንደምንም አነሣሁት እንጂ መወርወር አልችልም ነበር። ብታቀብለኝም እስታት ነበር።”

“ይህን ለምን አልነገርከኝም?”

“አንተስ?”

ሁለቱም መሬት መሬት ያያሉ። ከዚያ የሳንሆዜው ሰውዬ መሳቅ ጀመሩ፤ ሳቁ ሳል ሆነ፣ ጓደኛዬ ቱቧቸውን አስተካከለች። አባባ ወንበራቸውን ጎትተው ተጠጉና የሰውየው ጉልበት ላይ እጃቸውን ጣል አደረጉ። እዚያው ተወት አደረጉት። እኔ እንባዬ ዝርግፍ አለ። ጓደኛዬ ሳታየኝ ሶፍት አቀበለችኝ፤ ስቀበላት ጣቴን ጨብጣ ያዘችው። “ስስታም አይደለሽም” አልኳት። “ዝም በይ” አለችኝ፣ እሷም እያለቀሰች።

ዳይሬክተሩ መቼ ይጠፋቸዋል? “እልል በሉ እንጂ!” ብለው ምርቃቱን ካቆሙበት ቀጠሉ። ከዚያ ወዲያ በየድግሱ፣ የአሜሪካን ኦሎምፒክ ቡድን ያስታረቅሁት እኔ ነኝ ሲሉ ሰምቻለሁ። ሁለት ሰው ብቻ የቀረው ቡድን መሆኑን አይናገሩም።

ስንመለስ ደስ ብሎኝ እለፈልፋለሁ። “ይኸው አባባ፣ ሰሙት! አይቼህ ነበር አሉ፣ በሰው ፊት!” እያልኩ። አባባ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ያያሉ። ኦክላንድ ስንቃረብ ነው የተናገሩት።

“አየሽ፣ ሰባ ዓመት ሙሉ ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ያችን ኳስ ያቀብለኛል። እኔም አገባታለሁ። አንድም ቀን ስቻት አላውቅም።” ቀኝ ትከሻቸውን ዳሰሱ። “ዛሬ ሳትኳት።”

መለፍለፌን ትቼ ወደ አላሜዳ የሚወስደውን መውጫ ያዝኩ።